ከጎንደር እስከ አክሱም፤ ርቀቱ በምን ይለካል?



ርቀት ሁለት መለኪያ አለው። አንደኛው በካርታ ላይ በማስመሪያ የሚለካው ነው፤ ሁለተኛው ግን መንገደኛው በድካሙና በጊዜው የሚከፍለው ነው። የጎንደርንና የአክሱምን መንገድ ታሪክ የመረመረ ሰው፥ የመጀመሪያው ሳይለወጥ ሁለተኛው ምን ያህል እንደ ተለዋወጠ ይረዳል።

አዘዞ ላይ ካለው ከጎንደር የዐፄ ቴዎድሮስ አይሮፕላን ማረፊያ እስከ አክሱሙ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አይሮፕላን ማረፊያ ድረስ፥ በቀጥታ ሲለካ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ስለሚገኙ፥ ካርታውን ብቻ ያየ ሰው መንገዱ ሜዳ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በመካከላቸው የስሜን ተራሮች፥ የሊማሊሞ ገደልና የተከዜ ሸለቆ ይገኛሉ። ስለዚህም የመኪናው መንገድ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይረዝማል።

በቀድሞ ዘመን ይህ መንገድ የሚቈጠረው በቀንና በሳምንት ነበር። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. በጥር ወር ከአክሱም ተነሥቶ፥ ተከዜን ተሻግሮ፥ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር የገባው በየካቲት ነው፤ ይኸውም አራት ሳምንት ያህል ተጕዞ ነው። ነጋዴውም በቅሎውን እየነዳ፥ ክረምት ሲገባ የወንዙን መጕደል እየጠበቀ በዚሁ መንገድ ይመላለስ ነበር። ከ1928 ዓ.ም. በኋላ በጠላት ወረራ ዘመን በሊማሊሞ ላይ የመኪና መንገድ በመቀደዱ፥ የሳምንታቱ ጕዞ ወደ ቀናት ዝቅ አለ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ካደረገ በኋላ፥ ዲሲ 3 የተባለው አይሮፕላን የአገር ውስጥ ከተሞችንም ያገናኝ ጀመር። ይህ አይሮፕላን በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር፥ ከጎንደር አክሱም ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። በዘመናችን የሚሠራበት ኪው 400 ደግሞ በሰዓት እስከ 650 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፥ መነሣቱና ማረፉ ተጨምሮ ጊዜው ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ብሩስ አንድ ወር የደከመበት ጕዞ እንዲህ በደቂቃ የሚቈጠር ሆነ።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አያበቃም። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ የየብሱም የአየሩም መንገድ ተዘጋ፤ የአክሱምም ማረፊያ ጕዳት ደረሰበት። የፕሪቶሪያው ስምምነት በ2015 ዓ.ም. ተፈርሞ፥ ማረፊያው ተጠግኖ የመንገደኞች በረራ ወደ አክሱም የተመለሰው በ2016 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ፈጣኑ አይሮፕላን እንኳ ያን 230 ኪሎ ሜትር ሊያሳጥረው አልቻለም። ለመሳለም የሚሄደው ምእመን፥ ዘመዱን የሚናፍቀው ቤተሰብ፥ ዕቃውን የሚጠብቀው ነጋዴ ያለ መንገድ ቀረ። የቀድሞው ነጋዴ ወንዙ የሚጐድልበትን ወር ያውቅ ነበር፤ ይህ መዘጋት ግን የሚያበቃበትን ቀን አስቀድሞ የሚናገር አልነበረም።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠን ስለ ልማት ስናቅድ፥ የኪሎ ሜትሩን ቍጥር ብቻ አንመልከት። መሐንዲሱ መንገድ ይሠራል፤ አብራሪውም ሰማዩን ያቋርጣል። ሁለቱ ከተሞች ጎረቤት ሆነው የሚኖሩት ግን በመካከላቸው ያለው ሕዝብ በሰላም ሲገናኝ ነው።