ጅማ አባ ጅፋር፣ የ2010 ዓ.ም. ሻምፒዮን

ጅማ አባ ጅፋር የጅማ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ሲሆን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ያነሳው በ2010 ዓ.ም. ነው። ዋንጫው የተገኘው ክለቡ ከታችኛው ሊግ ካደገ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ በሊጉ ታሪክ እንዲህ ያለ ገድል ብርቅ ነው። ተፎካካሪው አራት ተከታታይ ዋንጫዎችን የወሰደው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። ሁለቱም በእኩል 55 ነጥብ ጨረሱ፤ የለያቸው የግብ ክፍያ ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ፉክክር ማሸነፍ ብቻውን ስለማይበቃ ጅማዎች በመጨረሻው ጨዋታ አዳማ ከተማ ላይ 5 ግቦችን አዘነቡ። ናይጄሪያዊው አጥቂ ኦኪኪ አፎላቢ የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ በ2011 ዓ.ም. መቐለ 70 እንደርታን ይዞ ዋንጫውን ደገመው።