ዜና ፋቡላ፤ አውሬዎች በመድረክ የተናገሩበት ዘመን ታሪክ

በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት፣ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ በነበሩበት ጊዜ፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ፣ በአዲስ አበባ ከተማ አውሬዎች መድረክ ላይ ወጥተው በአማርኛ ተናገሩ። ያናገሯቸውም ኋላ በጅሮንድ የተባሉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው።

እኒህ ሰው ትውልዳቸው ሸዋ ነው። ገና ልጅ ሳሉ ዐድዋ ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ሊዮንቲዬፍ የሚባል የሩስያ ሰው ይዟቸው ወደ አገሩ ሄደ። በዚያም አደጉ፤ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው መኰንን ሆኑ፤ ፈረንሳይና እንግሊዝ አገርም ቆዩ። ቴአትር ምን እንደሆነ ያወቁት በባዕድ አገር ነው።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ አንድ ቀን ቴአትር አለ ተብለው ተጠሩ። ሄደው ቢያዩ አዝማሪው ይዘፍናል፣ ጨዋታው ይደራል፣ እስክስታው ይመታል፤ ሌላ ነገር የለም። ቴአትር ይህ እንዳልሆነ ቢናገሩ፣ እንግዲያው እርስዎ ጽፈው ያሳዩን ተባሉ። እሺ አሉ። የፈረንሳዊውን የላፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መሠረት አድርገው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚለውን ጻፉ። በአማርኛ ለመድረክ የተጻፈ የመጀመሪያው ተውኔት ይህ ነው፤ ኮሜዲ መሆኑም ልብ ይባል። የታየው በተራስ ሆቴል ነበር፤ የመጣውም ተመልካች መኳንንቱና የመንግሥቱ ሰዎች ነበሩ።

አውሬው ሲናገር የሰማው ሹመኛ ግን የገዛ ሥራውን አወቀ። ጉቦው፣ ስንፍናው፣ የአስተዳደሩ ብልሹነት በተረት ተሸፍኖ ፊቱ ቆመ። ነገሩ ወደ ግቢ ደረሰ። መጽሐፉ እንዲሰበሰብ፣ ቴአትርም እንዳይሠራ ታዘዘ። ንግሥቲቱ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ መድረኩ ታግዶ ኖረ።

እንዲህ ያለው ነገር በኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ424 ዓመት በአቴና ከተማ አሪስቶፋነስ «ፈረሰኞች» በሚለው ኮሜዲው የከተማይቱን ኃያል ሰው ክሌዎንን በሕዝብ ፊት ዘለፈው። ይኸው ጸሐፊ ወፎችንና እንቁራሪቶችን፣ ተርቦችንም ሳይቀር በመድረክ አዘምሯል።  በፈረንሳይም ሞሊዬር በ1664 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር «ታርቱፍ»ን ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ አሳየ። በሃይማኖት ስም የሚያታልለውን ግብዝ ስላጋለጠ ለሕዝብ እንዳይታይ ተከለከለ፤ የተፈቀደለትም ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። የላፎንቴን ተረቶች መታተም የጀመሩት በዚያው ዘመን፣ በ1668 ነው፤ ሁለቱ ጸሐፊዎችም ወዳጆች ነበሩ። ስለዚህ ፋቡላ አዲስ አበባ ላይ ያገኘው ዕጣ ከአያቶቹ የወረሰው ነበር።

ተክለ ሐዋርያት ግን አልወደቁም። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ እርሳቸው ናቸው፤ ጣልያን ሊወርረን በተነሣ ጊዜም በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ስለ ኢትዮጵያ ተሟግተዋል። ሕግና ሙግት ለጻፈ እጅ ኮሜዲ የሚያንስ ሥራ አልነበረም፤ መንግሥትን ለማቅናት ሁለቱንም ሞክረዋል። ስለዚህ ያንን መጽሐፍ ያስሰበሰቡት ሰዎች አገራቸውን በደሉ፤ አንባቢውን ብቻ ሳይሆን ራሳቸውን የሚያዩበትን መስተዋት ሰበሩ።

ከእገዳው በኋላ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው በትምህርት ቤት ቴአትርን መልሰው አቆሙ። በ1927 ዓ.ም. ሀገር ፍቅር ተመሠረተ፤ በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ የሚባለው ቴአትር ቤት ተከፈተ። በእነዚያ ዓመታት መድረኩን የያዙት ይልቁንም የአገር ፍቅርና የሃይማኖት ተውኔቶች ነበሩ። ኮሜዲ ወደ ክብሩ የተመለሰው በመንግሥቱ ለማ ነው። «ጠልፎ በኪሴ» በጠለፋ ላይ ያሳቀ ነው። በ«ያላቻ ጋብቻ» ደግሞ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ የጨዋ ልጅ ገጠር ወርዶ ትምህርት ቤት ይከፍታል፣ የቤት ሠራተኛውንም ላግባ ይላል፤ አክስቱም ዘር ቆጥረው ይነሡበታል። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ሞሊዬርን በአማርኛ አቀረበ፤ «የፌዝ ዶክተር» ከዚያ የመጣ ነው። ከእነርሱ በኋላ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ በአጭር ጭውውት ሕዝቡን አስቀው ዘመናቸውን ተናገሩ። ጨዋታውም ወደ ፊልም ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የወጣው «የወንዶች ጉዳይ» ሲኒማ ቤቱን በሣቅ ከሞሉት አንዱ ነው።

አሁን የአውሬ ተረት ወደሞላባት ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋና ከተማ፣ ወደ አሶሳ ልሻገር። አሶሳ ከአዲስ አበባ ብትርቅም የቆየ ትውውቅ አላት፤ የጥንቱ ገዢዋ ሼህ ኾጀሌ አልሐሰን በዋና ከተማው ግቢ ነበራቸውና ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ዛሬም በስማቸው ይጠራል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ጨዋታቸውን ይዘው ገቡባት። የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሽናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝብም ከአባት የተረከበው የአውሬ ተረት አለው። ብሪታንያዊቱ ደራሲ ኤልሳቤጥ ሌርድ ከኢትዮጵያ ክልሎች ተረት ስትሰበስብ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝም ወስዳለች፤ የታተመው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ተክለ ሐዋርያት ከባሕር ማዶ የተዋሱት ዓይነት ሀብት እዚህ በሽማግሌዎች አፍ ላይ ይገኛል።

እናንተ በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ፣ በባህል ቢሮ የምትሠሩ፣ በየትምህርት ቤቱ የኪነት ክበብ የምትመሩ! ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ሂዱና ስሟቸው። ከተረቶቹ አንዱን ምረጡ፤ በበርታም ሆነ በጉሙዝ ቋንቋ ኮሜዲ አድርጋችሁ በአደባባይ አሳዩ።