የመንገዱ ዳር የማን ነው? ውሃ፣ እግረኛና አረንጓዴ ቦታ በወረታና በፎገራ ሜዳ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ወረታ የባሕር ዳር–ጎንደር አውራ ጎዳና ከወልድያ መንገድ ጋር የሚገናኝባት፣ በፎገራ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች የደቡብ ጎንደር ከተማ ናት። ይህ መጣጥፍ የከተማዋን የመንገድ ደኅንነት፣ የጎርፍ ማፋሰሻና የሕዝብ አረንጓዴ ቦታ ጉዳዮች አንድ ላይ አድርጎ ይመረምራል። ዋና መከራከሪያው ሦስቱ ጉዳዮች የሚወሰኑት በአንድ ቦታ፣ ይኸውም በአስፋልቱ ጠርዝና በቤቶቹ ደጃፍ መካከል ባለው ጠባብ መሬት ላይ መሆኑ ነው። ይህ መሬት በክረምት የማይረገጥ እስከሆነ ድረስ እግረኛው አስፋልት ላይ መውጣቱ አይቀርም፤ የትራፊክ ትምህርትም ሆነ ቅጣት ብቻውን አያወርደውም።

ቁልፍ ቃላት፦ ወረታ፣ ፎገራ፣ የመንገድ ደኅንነት፣ የጎርፍ ማፋሰሻ፣ አረንጓዴ ቦታ

1. መግቢያ

የትናንሽ ከተሞች መሠረተ ልማት ሲነሣ ነገሩ ብዙውን ጊዜ በኪሎ ሜትር ይለካል፤ ይህን ያህል አስፋልት፣ ይህን ያህል ጠጠር፣ ይህን ያህል ኮብልስቶን ይባላል። የመኪና አደጋ የትራፊክ ፖሊስ፣ ጎርፍ የአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤት ጉዳይ ተደርጎ ይያዛል። መናፈሻ ደግሞ ገንዘብ ሲተርፍ የሚታሰብ ጌጥ ነው። ለሪፖርት የሚመቸው ይህ አከፋፈል ወረታ ላይ ሲደርስ ይፈርሳል፤ ምክንያቱም እዚያ ውሃው መንገዱን፣ መንገዱ እግረኛውን፣ የእግረኛው መሄጃም የከተማዋን ክፍት ቦታ ይነካል።

2. ሜዳው፦ ከጉና እስከ ጣና

የርብና የጉማራ ወንዞች ሁለቱም ከጉና ተራራ ይነሣሉ። የጉና ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር በላይ ሲሆን፣ የጣና ሐይቅ ወለል 1,786 ሜትር ገደማ ነው። ወንዞቹ ይህን ሁሉ ቁልቁለት በአጭር ርቀት ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ድንገት ይረግባል፤ ከደጋ ጠርገው ያመጡትንም አፈር እዚያው ያራግፉታል። የፎገራ ለምነት የዚህ ደለል ውጤት ነው፤ የጎርፉም መነሻ ይኸው ደለል ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ወንዞቹ ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው ማፈናቀላቸው ይታወሳል።

የደለሉ መጠን ተለክቶ ተመዝግቧል። የጉማራን ወንዝ የግማሽ ምዕተ ዓመት ለውጥ ያጠኑ ተመራማሪዎች በውሃ መለኪያ ጣቢያው ላይ የወንዙ ወለል ጥልቁ ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 2009 ባለው ጊዜ 2.91 ሜትር ከፍ ማለቱን አረጋግጠዋል። ለዚህም የደጋውን የአፈር መሸርሸር፣ በሰው ሠራሽ መንገድ ከፍ ያለው የጣና ወለል ውሃውን ወደ ኋላ መግፋቱን፣ የመስኖ ጠለፋንና በወንዙ ዳር የተሠሩ ግድቦችን በምክንያትነት ጠቅሰዋል። ለመሐንዲስ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። ድልድይ በተሠራበት ዘመን ውሃ የሚያሳልፍበት ክፍተት ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ያው ክፍተት ሆኖ አይቆይም። የድልድዩ አካል ሳይነካ ክፍተቱ ከሥር እየተሞላ ይጠባል።

በዚህ ላይ የመንገዱ አቅጣጫ ይጨመራል። ውሃው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ከጉና ወደ ጣና ይወርዳል። የባሕር ዳር–ጎንደር ጎዳና ግን ሜዳውን ከደቡብ ወደ ሰሜን ያቋርጣል። ስለዚህ በአፈር ሙሌት ከፍ ተደርጎ የተሠራው ጎዳና ራሱ ረጅም ግድብ ነው፤ ከሥሩ የተቀበሩት የውሃ ማሳለፊያ ቱቦዎችም የግድቡ በሮች ናቸው። አንዱ ቱቦ በደለል ወይም በቆሻሻ ሲዘጋ ውሃው በስተ ምሥራቅ ይተኛል።

የሩዝ እርሻ መስፋፋት ደግሞ የውሃውን ጥያቄ መልኩን ለውጦታል። በደርግ ዘመን ሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሞከሩት ሩዝ ዛሬ የሜዳው ዋና ሰብል ሲሆን፣ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም መቀመጫው ወረታ ነው። የሩዝ ገበሬ ማሳውን ከትሮ ውሃ ያቁራል፤ መንገድ ሠሪ ውሃን ያሸሻል። ሁለቱ ፍላጎቶች የሚጋጩት በመንገዱ ዳር ባለው ቦይ ላይ ነው።

3. መገናኛው

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን ከ60 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ትገኛለች። ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ በዓለም በር በኩል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ደብረ ታቦር ይደርስና በጋይንትና በጋሸና አድርጎ ወልድያ ይገባል። 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ መንገድ በቻይና እርዳታ የተሠራ ነው። ስምምነቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤጂንግን የጎበኙበት ዘመን ፍሬ ሲሆን ሥራው የተጠናቀቀው በደርግ ጊዜ ነው። መንገዱ መጀመሪያ ጠጠር ነበር፤ አስፋልት የለበሰው ኋላ ነው።

አስፋልት የጉዞ ሰዓትን ያሳጥራል፤ ፍጥነትንም ይጨምራል። ወረታ ላይ የጎንደር አውቶቡስ፣ የደብረ ታቦር ሚኒባስ፣ ሩዝ የጫነ አይሱዙ፣ ወደ ከተማዋ ደረቅ ወደብ የሚሄድ ተሳቢ፣ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ በአንድ መንገድ ይጋፋሉ። ከተማዋ የበቀለችው መንገዱን ተከትላ ስለሆነ ገበያው፣ መናኸሪያው፣ ትምህርት ቤቱና የእህል ወፍጮው ሁሉ ሰውን ያንኑ ጎዳና ያሻግራሉ። ለአገር አቋራጩ ሾፌር ወረታ የሚታለፍ ስፍራ ነው፤ ለነዋሪው ግን ያው አስፋልት ዋና አደባባዩ ነው።

4. የመንገዱ ዳር በክረምት

የሜዳው አፈር ዋልካ ነው። በጋ ላይ ደርቆ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ላይ ያብጥና ይጣበቃል። እንዲህ ያለ አፈር ላይ የተሠራ ያልተነጠፈ የእግር መንገድ ከሰኔ እስከ መስከረም መንገድ መሆኑ ይቀራል።

ነሐሴ ላይ አንድ ተራ የመንገድ ዳር ሱቅ ፊት ያለውን ሁኔታ ማየት ይበቃል። ክዳን የሌለው ቦይ አስፋልቱን ከሱቁ ይለያል። ባለ ሱቁ ደንበኛ እንዲገባለት ሁለት ሦስት የባሕር ዛፍ አጣና ያጋድማል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ቦዩን በድንጋይና በአፈር ደፍኖ በላዩ መተላለፊያ ያበጃል። ከላይ የመጣው ፌስታልና የሩዝ እብቅ እዚያች ድፍን ላይ ይከማቻል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ዳሩን አልፎ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ይወጣል። ከቦይ ወዲህ ጭቃ፣ ከቦይ ወዲያ የሱቅ ደጃፍ ነው። ከዚያ በኋላ ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላ፣ በእጇ ዘንቢል አንጠልጥላ ከገበያ የምትመለስ ሴት የምትረግጠው ደረቅ መሬት አስፋልቱ ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ የደኅንነት ጥያቄ ተገልብጦ መጠየቅ አለበት። የተለመደው ጥያቄ «እግረኛው ለምን አስፋልት ላይ ይሄዳል?» የሚል ሲሆን መልሱም ትምህርትና ቅጣት ይሆናል። ትክክለኛው ጥያቄ «ሌላ የት ይሂድ?» የሚለው ነው። ቦዩን የደፈነው ባለ ሱቅም ቢሆን ክፋት አልሠራም፤ ቦዩ ሲቆፈር የእርሱ ደንበኛ እንዴት እንደሚገባ ያሰበለት አልነበረም።

5. ፍጥነት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሪፖርት ኢትዮጵያ በአንድ ዓመት 4,352 የመንገድ አደጋ ሞት መመዝገቧን፣ የድርጅቱ ግምት ግን 27,326 መሆኑን ያሳያል። ልዩነቱ ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ይህን ያህል ሞት ከመዝገብ ውጭ ከሆነ በፖሊስ መዝገብ ብቻ ተመርቶ «አደገኛ ቦታዎችን» መምረጥ አያስተማምንም። እንደ ወረታ ላለች ከተማ የሚሻለው አደጋን ከመቆጠሩ በፊት ከመንገዱ ቅርጽ መተንበይ ነው።

ትንበያው ከባድ ሒሳብ አይፈልግም። ሾፌር አደጋን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል፣ መንገዱም ደረቅ ነው ብለን እናስብ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጥሩ ፍሬን ያለው መኪና በ13 ሜትር ገደማ ይቆማል። በ60 የሚሄደው ግን ከ36 ሜትር በላይ ይፈልጋል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚኬደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና። በጫነ አይሱዙና በረጠበ አስፋልት ደግሞ ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል። የዓለም ጤና ድርጅትም አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚያደርስ ግጭት ሥጋት 4 በመቶ እንደሚያድግ ይገልጻል።

ከዚህ የሚከተለው፣ ሾፌሩ ከተማ መግባቱን ከታፔላ ላይ ከሚያነብ ይልቅ ከመሪው ሊሰማው ይገባል የሚለው ነው። በከተማዋ በሦስቱም መግቢያዎች መንገዱ በግልጽ መጥበብ አለበት። በገበያው፣ በመናኸሪያውና በትምህርት ቤቶቹ ፊት ከእግረኛ መንገዱ እኩል ከፍ ያለ ማቋረጫ ያስፈልጋል። ተራ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ብቻ ቢሠራ ግን ውሃውን አግዶ ሌላ ኩሬ ሊፈጥር ስለሚችል ማቋረጫውና ቦዩ አንድ ላይ መነደፍ አለባቸው።

ተለዋጭ የዳር መንገድ ሠርቶ ከባድ ተሽከርካሪን ከከተማዋ ማውጣት ይሻላል የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ሐሳቡ ደረቅ መሬት ላይ ያስኬዳል። ፎገራ ላይ ግን አዲስ መንገድ ማለት አዲስ የአፈር ሙሌት፣ ሌላ ግድብ ነው። ወረታ መጀመሪያም መንገድ ተከትላ የበቀለች ስለሆነች ቤትና ሱቅ አዲሱንም መንገድ መከተሉ አይቀርም።

6. አረንጓዴ ቦታ

የአገሪቱ የከተማ ፕላን መርሕ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይላል። በወረታ ሁለቱ 30ዎች እርስ በርስ መደራረብ ይችላሉ። ዝቅ ያለ የሣር ሜዳ በጋ ላይ የልጆች ኳስ መጫወቻ፣ ክረምት ላይ የጎርፍ ማረፊያ መሆን ይችላል። ቅድመ ሁኔታው ውሃው በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ተንጠፍጥፎ መውጣቱ ነው። የወባ ትንኝ ከዕንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ከሳምንት በላይ ስለሚፈጅባት፣ ከዚያ በፊት የሚደርቅ ሜዳ የትንኝ መራቢያ አይሆንም።

እንዲህ ያለውን አረንጓዴ ቦታ የመጠበቂያ ዘዴ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የእንጨትማ ዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግበዋል፤ ከብት ችግኝ እየበላ ደኑ ራሱን መተካት እንደሚያቅተውም አሳይተዋል። በኋላም በምእመናን ተሳትፎ በአንዳንድ ደኖች ዙሪያ ከአካባቢው በተለቀመ ድንጋይ ካብ ተሠርቷል። ትምህርቱ ቀላል ነው፦ ደኑን ያቆየው የታወቀ ወሰንና የሚጠብቀው ባለቤት ነው። የከተማ ችግኝም በዘመቻ ተተክቶ የሚደርቀው ወይም በፍየል የሚበላው ወሰንም ጠባቂም ስለሌለው ነው። ዝርያውም ቢሆን እርጥበት የለመደ፣ እንደ ዶቅማና እንደ ሾላ ወንዝ ዳር የሚበቅል ቢሆን ይመረጣል።

ከከተማዋ ውጭ ያሉት የሸሸርና የወላላ ረግረጎች የዚሁ ሥርዓት አካል ናቸው። የርብ ትርፍ ውሃ ያርፍባቸው የነበሩት እነዚህ ረግረጎች በእርሻና በፓምፕ መስኖ እየጠበቡ ነው። ሜዳው ማረፊያ ባጣ ቁጥር ውሃው ማረፊያውን መንገድና ቤት ያደርጋል። የጣና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቀጣናነት መመዝገቡ ለእነዚህ ቦታዎች ጥበቃ መሠረት ይሆናል።

7. ኃላፊነት

አስፋልቱ የፌዴራሉ መንገዶች አስተዳደር ነው። የውስጥ መንገዱና ጽዳቱ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ማሳው የግብርና ጽሕፈት ቤቱ፣ ምሰሶው የመብራት ኃይልና የቴሌ ነው። የመንገዱ ዳር የሁሉም ስለሆነ ሙሉ ኃላፊ የለውም። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ለጥገናና ለመንገድ ደኅንነት እንዲውል የታሰበ መሆኑ ግን መልካም መነሻ ነው፤ ቦይ መጥረግና መክደን ጥገናም ደኅንነትም ነውና።

8. ማጠቃለያ

የሥራው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ከጎዳናው ሥር ያሉ ቱቦዎችና የከተማዋ ቦዮች ከግንቦት በፊት ይጠረጉ። ቀጥሎ ቦዮቹ ለጽዳት በሚነሣ የኮንክሪት ክዳን ይሸፈኑ፤ ክዳኑ ራሱ የእግረኛ መንገድ ይሁን፣ ለየሱቁም መግቢያ ይተውለት። ከዚያ ማቋረጫዎቹ፣ በመጨረሻም ዛፉና ሣሩ ይከተላሉ። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ በዛፍና በመብራት ከተጀመረ ሁለት ክረምት ሳይሞላ ቦዩ ሲቆፈር አብሮ ይነቀላል። የውጤቱ መለኪያም ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ መሠራቱ አይሁን፤ በነሐሴ ዝናብ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ አስፋልት ላይ ሳይወጣ መድረስ መቻሉ ይሁን።