ከዋርድ ወደ ዩኒቨርሲቲ፤ የነርስነት ዲግሪ በአሜሪካ

በአሜሪካ ነርስነት የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የሚያሰጥ ትምህርት ለመሆን የበቃው ከረጅም ክርክር በኋላ ነው። ክርክሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ስለ ሥርዓተ ትምህርት ይመስላል፤ ሥሩ ግን የተማሪዋ ጊዜ የማን ነው የሚል ነበር።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1860 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በለንደኑ የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ፣ ወጪውን የሚሸፍን የተለየ ገንዘብ ነበራቸው። በ1873 በዚሁ አርአያ በአሜሪካ ሦስት ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ከዚያ ወዲህ በየሆስፒታሉ የፈሉት ግን አብዛኞቹ የራሳቸው በጀት አልነበራቸውም። ሆስፒታሎቹም ትምህርት ቤት መክፈት ርካሽ ጉልበት ማግኘት መሆኑን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ተማሪዋ ቀኑን ሙሉ አልጋ ስታነጥፍ፣ ሕሙማን ስታጥብና ፋሻ ስትጠቀልል ትውላለች፤ ትምህርቱን የምትሰማው ማታ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ ሲከብድ ነው። ተመርቃ ስትወጣ ብዙውን ጊዜ ሆስፒታሉ አይቀጥራትም፤ በየቤቱ የግል በሽተኛ ለማስታመም ትሄዳለች፤ በእግሯም ሌላ ጀማሪ ትተካለች።

ይህን አሠራር አጥብቀው ከተቃወሙት አንዷ ወይዘሪት አዴሌይድ ነቲንግ ናቸው። በ1907 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሲሆኑ፣ ከነርሶች መካከል ይህን ማዕረግ ያገኙ በዓለም የመጀመሪያዋ ሰው ሆኑ። ትምህርት ቤቱ ከሆስፒታሉ ኪስ እስካልተላቀቀ ድረስ ትምህርቱ ትምህርት ሊሆን አይችልም የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው።

በ1909 የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ሪቻርድ ቢርድ ጥረት የነርሶች ትምህርት ቤት ከፈተ። ይሁን እንጂ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚሰጠው ዲፕሎማ እንጂ ዲግሪ አልነበረም። ቆይቶ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የመጣው የአምስት ዓመት የዲግሪ ትምህርትም ቢሆን፣ የኮሌጅ ዓመታትን ከተለመደው የሆስፒታል ሥልጠና ጋር የሰፋ ነበር፤ ስፌቱም ከሩቅ ይታያል።

ወሳኙ ዓመት 1923 ነው። በሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ የተካሄደውና በወይዘሪት ጆሴፊን ጎልድማርክ ስም የሚጠራው ጥናት ታትሞ ወጣ፤ ተማሪዎቹ አንድን ተግባር በሚገባ ከለመዱት በኋላ እንኳ፣ ለዕውቀታቸው የሚጨምረው ነገር ሳይኖር፣ ሆስፒታሉ ስለፈለገ ብቻ ይደጋግሙት እንደነበር አጋለጠ። በዚያው ዓመት በዚሁ ድርጅት ርዳታ የዬል ዩኒቨርሲቲ የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዲን ሆነው የተሾሙት ወይዘሪት አኒ ጉድሪች ነበሩ፤ በዬል ይህን ሹመት ያገኘች ሴት ከእሳቸው በፊት አልነበረችም። ትምህርት ቤቱ የራሱ በጀት ስለነበረው፣ ተማሪዋ ወደ ዋርድ የምትገባው ሠራተኛ ስለጎደለ ሳይሆን የትምህርቱ ዕቅድ ስለሚጠይቅ ሆነ።

በ1965 የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር ለሙያዊ ነርስ ዝቅተኛው መመዘኛ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲሆን አቋሙን አሳወቀ። በጊዜው አብዛኞቹ ነርሶች የሆስፒታል ዲፕሎማ ይዘው ያገለግሉ ስለነበር፣ ብዙዎቹ ቅር መሰኘታቸው አያስገርምም። ይህን መመዘኛ በደንብ ደንግጋ የነበረችው ሰሜን ዳኮታ በ2003 ተወችው። በዚያው በ2003 ዶክተር ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቻቸው፣ በፔንሲልቫኒያ 168 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሕሙማን አጥንተው ውጤቱን አሳተሙ፦ ከመቶ ነርሶች የባለ ዲግሪዎቹ ቁጥር በ10 ሲጨምር፣ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ5 ከመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

ኒውዮርክ በታኅሣሥ 2017 ባወጣችው ሕግ አዲስ ፈቃድ የሚያገኙ ነርሶች በ10 ዓመት ውስጥ ዲግሪውን እንዲይዙ አዘዘች፤ ቀድሞ ፈቃድ የነበራቸውን ግን ግዴታው አይነካቸውም። አዲሷ ነርስ የዲግሪውን ትምህርት የምትከታተለው እንግዲህ ከሥራዋ ጎን ለጎን፣ ከተረኝነት በሚተርፋት ሰዓት ነው።