ተራ ለቃቂ

ለቡ ወይም ጀሞ ቤት የሚፈልግ ሰው የኪራይ ዋጋ የሚሰማው ከደላላ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ ማስታወቂያው በየድረ ገጹ ተለጥፏል። ገጾቹን አንድ በአንድ ከማየት ፕሮግራም ጽፎ ማስለቀምም ይቻላል። ያኔ ጥያቄ ይነሳል፦ በስሬድ ወይስ በአሲንክ?

ስሬድን «ክር» ብንለው ያግባባናል። አሲንክሮነስን ግን «ያልተመሳሰለ» ማለት ለአንባቢ ምንም አይነግረውም፤ እኔ «ተራ ለቃቂ» እለዋለሁ። ገጽ የሚለቅም ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋው መልስ በመጠበቅ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ፣ 1,000 ገጽ ተራ በተራ ሲጠየቅ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ኮምፒውተሩም ያን ሁሉ ጊዜ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል።

በክር ስንሠራ ብዙ ክሮች እናሰማራለን። ማን መቼ እንደሚሠራ የሚወስነው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ ክሩን መሃል ላይ አስቁሞ ተራውን ለሌላው ይሰጣል። በተራ ለቃቂው ያለው ክር አንድ ነው። እያንዳንዱ ሥራ መጠበቅ ሲጀምር ተራውን ራሱ ይለቃል፣ መልሱ ሲደርስ ተመልሶ ይሰለፋል። ይህን የሚያስተናብረውን ዑደት «ተራ አስከባሪ» ብለው ሳሪስ አቦ ታክሲ የተሰለፈ ሁሉ ይገባዋል፤ ከፊት ያለው ሹፌር አልንቀሳቀስም ካለ የኋላው በሙሉ ይቆማል። «ሪኩዌስትስ» የተባለውን የፓይተን ላይብረሪ አሲንክ ኮድ ውስጥ እንዳለ የሚጠራ ጀማሪም የሚገጥመው ይኸው ነው፦ ኮዱ አሲንክ ይመስላል፣ ፍጥነቱ የተራ በተራው ነው።

ፓይተን የተራ ለቃቂ መሣሪያውን «አሲንክአይኦ»ን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን «አሲንክ» እና «አዌይት» የሚሉት የአጻጻፍ ቃላት በ2015 ተከተሉ። አዲስ ስለሆነ ብቻ ግን ሁሉ ቦታ አይገባም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የየባንኩ ዕለታዊ ተመን ይለያያል፤ ያንን ለመልቀም የሚያስፈልገው ሠላሳ ገጽ ገደማ ስለሆነ አሥር ክር ይበቃል፣ አሲንክ ቅንጦት ነው። በሺዎች ለሚቆጠር የቤት ማስታወቂያ ተራ ለቃቂው ያዋጣል፤ ተራውን ለቆ የሚጠብቅ ሥራ የሚይዘው ሜሞሪ ከክር እጅግ ያነሰ ነውና። (የተለቀመውን መተንተን ከከበደ ግን በተለመደው ፓይተን ሁለቱም አያድኑም፤ ያ የሌላ ቀን ጉዳይ ነው።)

ፍጥነታችሁ የሚያርፈው ሌላ ሰው በሚከፍልበት ሰርቨር ላይ ነው። ለአንድ ድረ ገጽ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሦስት ጥያቄ በላይ አትላኩ፤ ፕሮግራም የትኛውን ገጽ መልቀም እንደሚችል የሚናገረውን «ሮቦትስ» የተባለ ፋይሉን አስቀድማችሁ አንብቡ። የአከራዮችን ስልክ ቁጥርም አታከማቹ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።