የዓሣ ዓይንና የመነጽር ጠቢባን

ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው ጎዳና ባለችው በዱርቤቴም ሆነ በጣና ዳር መንደሮች፣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቶ የዓሣ ራስ ቀቅሎ የበላ ሰው ሁሉ፣ ከዓይኑ ውስጥ የምትወጣውን ነጭና ጥርስ የማይደፍራትን ድቡልቡል ፍሬ ያውቃታል፤ ይሁን እንጂ ይህች እንትፍ ተብላ የምትጣል ፍሬ እሳት ሳያገኛት በፊት እጅግ የጠራች ሌንስ እንደ ነበረች፣ የመነጽር ጠቢባንም በብዙ ዘመን ድካም የደረሱበትን ሥራ አስቀድማ ታከናውን እንደ ነበር ልብ የሚል ብዙ አይደለም።

ሰው በአየር ውስጥ ሲያይ ብርሃኑን አብዝቶ የሚሰብርለት የዓይኑ የፊት ሽፋን ነው፤ ከውሃ በታች ግን ሽፋኑ ከውሃው ጋር ስለሚመሳሰል ሸክሙ ሁሉ በሌንሷ ላይ ይወድቃል። ከወጥ መስተዋት የተሠራ ኳስ በውሃ ውስጥ ምስሉን የሚሰበስበው ከመካከሉ በሬዲየሱ 4 እጥፍ ያህል ርቆ፣ ያውም አደብዝዞ ሲሆን፣ የዓሣ ሌንስ ግን በ2.5 እጥፍ ያህል ላይ ጥርት አድርጋ ታሳርፈዋለች፤ ምሥጢሩም መካከሏ የጠነከረ፣ ወደ ጠርዟ እየሳሳ የሚሄድ መሆኑ ነው። ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል በ1854 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን) እንዲህ ያለውን ሌንስ በሒሳብ መርምሮታል።

እንዴት እንዲህ ተስተካከለች ቢሉ፣ የሥነ ፍጥረት ተመራማሪዎች የሚሰጡት መልስ በጣና ውስጥ ራሱ ይገኛል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ጥቂቶቹን የመዘገባቸው፣ የዛሬዎቹ ሊቃውንትም 15 ያህል ዓይነት አድርገው የሚቆጥሯቸው ነጭ ዓሦች፣ ከአንድ ወገን ወጥተው ሳለ በአፋቸው ቅርጽና በምግባቸው ተለያይተዋል፤ መንጋጋቸው ጥርስ አልባ ቢሆንም 8ቱ ሌላ ዓሣ አዳኞች ሆነዋል፤ አንዳንዶቹም በክረምት ግልገል ዓባይን ሽቅብ ወጥተው ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጥቂት መለያየት፣ መዋለድና የሚበጀው መትረፍ ጊዜ ካገኙ ይህን ያህል ያፈራሉ፤ ሌንሷም የተስተካከለችው በዚሁ መንገድ ነው።

የሰው መንገድ ግን ሌላ ነበር። በ1840 በቪየና ዮሴፍ ፔትስቫል ለፎቶግራፍ የሚሆን ብሩህ ሌንስ በወረቀት ላይ ሲያሰላ፣ አርክዱክ ሉድቪግ ሒሳብ የሚያውቁ መድፈኞችን እንዲያግዙት ሰጥቶት ነበር፤ ለመተኮስ የተማሩት ስሌት አንድ ጨረር ከአየር ወደ መስተዋት፣ ከመስተዋትም ወደ አየር ሲያልፍ የት እንደሚሰበር መስመር በመስመር ለመከተል ዋለ። በዚህም ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረው የፎቶግራፍ አነሣስ እጅግ አጠረ። ለእኔ በሌንስ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ደስ የሚያሰኝ ምዕራፍ የለም፤ መድፈኛ መድፉን ትቶ የሰው ፊት በሚቀረጽበት ሥራ ላይ ተቀምጧልና።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኮምፒዩተር የመድፈኞቹን ድካም ተረከበ። ነገር ግን አንዱን ሌንስ ይዞ ኩርባውንና ውፍረቱን ጥቂት በጥቂት ሲያሻሽል፣ በጉም ውስጥ ወደ ጣና እወርዳለሁ ብሎ ቁልቁለቱን የተከተለ መንገደኛ ከአንዲት ኩሬ ዳር ደርሶ ባሕሩ ይኸው ነው ብሎ እንደሚቀመጥ፣ ኮምፒዩተሩም በአቅራቢያው ባገኘው መልካም ነገር ረክቶ የሚበልጠውን ሳያይ ይቀር ነበር።

መውጫውን ያመለከቱት መነጽር ሠሪዎች አልነበሩም። በ1964 በበርሊን ኢንጎ ሬሽንበርግና ባልደረቦቹ 6 ጠባብ ሰሌዳዎችን በ5 ማጠፊያ አያይዘው በነፋስ መፈተኛ ውስጥ አቆሙ፤ እያንዳንዱ ማጠፊያ 51 ቦታ ሊይዝ ይችል ስለ ነበር የሚቻለው ቅርጽ ከ345 ሚሊዮን በላይ ነው። የተፈጥሮን መንገድ ተከትለው ማጠፊያዎቹን በዕጣ እያንቀሳቀሱ፣ ነፋስ ያነሰ የገፋውን ይዘው የከፋውን እየጣሉ ቢሄዱ፣ ተጣጥፎ የነበረው ሰሌዳ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው ብሎ የሚስቅ ቢኖር፣ የታወቀ መልስ የተመረጠው ዘዴው ራሱ እንዲፈተን መሆኑን ያስብ።

አሜሪካዊው ጆን ሆላንድ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ መፍትሔዎችን እንደ ወላጆች የማዳቀልን ሥርዓት ካስፋፋ በኋላ፣ ሌንስም በዚሁ ሕግ መወለድ ጀመረ፤ ኩርባው፣ ውፍረቱ፣ ርቀቱና የመስተዋቱ ዓይነት በቁጥር ተጽፎ፣ ከአንዱ ሌንስ እኩሌታው ከሌላውም እኩሌታው ተወስዶ፣ በተወለደው ላይ ጨረር ተልኮ ምስሉ ይመዘናል። በ1990 በአንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለባለሙያዎች የቀረበውን የ4 ሌንስ ጥያቄ፣ በ2002 በካናዳ የላቫል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ ሠርተው ከሰው ሥራ ጋር የሚፎካከር ውጤት አገኙ፤ በ2005ም ጆን ኮዛና ጓደኞቹ፣ ፓተንት የወጣላቸውን 6 የሌንስ ሥርዓቶች ማሽኑ የተዘጋጀ ንድፍ ሳይሰጠው ዳግም እንደ ፈለሰፋቸው ገለጹ።

ማሽኑ ግን የሚመዝነው የታዘዘውን ብቻ ነው። ምስሉ ይጥራ ብቻ ቢሉት፣ ጠርዙ እጅ ሲነካው የሚሰበር፣ አንዳንዴም ውፍረቱ ከዜሮ በታች የሆነ ሌንስ ወልዶ በኩራት ያቀርባል፤ ስለዚህ መስተዋት ሞራጁ በእጁ ያውቀው የነበረውን ሁሉ፣ ጠርዙ ከስንት ሚሊሜትር እንዳያንስ፣ መስተዋቱም ከሠሪዎቹ መዝገብ ውስጥ ካሉት እንዲሆን፣ ንድፍ አውጪው አስቀድሞ በቁጥር ሊጽፍለት ግድ ሆኗል።