የገዳሪፍ ጊታርና ዝዝ የሚለው ክር

በምሥራቅ ሱዳኗ ከተማ በገዳሪፍ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ዝናብ ብርቅ ነው። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ እንጨት የተባለ ሁሉ ይኮማተራል፤ በር ከመቃኑ ይላቀቃል፣ የአልጋ ቋሚ ይነቃነቃል። የጊታር ጠጋኝ ሥራ የሚበዛውም ያኔ ነው። ሠርግ ላይ የሚጫወቱ ልጆች ኤሌክትሪክ ጊታራቸውን አቅፈው ይመጡና «ጋሼ፣ ክሩ ዝዝ ይላል፤ ፍሬቱን ይሞርዱልኝ» ይሉኛል። ፍሬት የሚሉት በጊታሩ አንገት ላይ በአግድም የተተከሉትን ስስ ብረቶች ነው። እኔ ግን ሞረድ ለማንሳት አልቸኩልም። በዚህ ጠረፍ ሰው ክርን ዝዝ ማሰኘትም ዝም ማሰኘትም የተማረው ኤሌክትሪክ ጊታር ከመምጣቱ እጅግ ቀድሞ ነውና።

ከጠረፏ ከመተማ ማዶ፣ በእኛ በኢትዮጵያውያን በኩል በገና አለ። ዐሥሩ አውታሮች ከበግ አንጀት ይፈተላሉ። አውታሩ በርኩማ በሚባለው ድልድይ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባለታል። ደርዳሪው ያንን ቆዳ በጣቱ ጥቂት ወደ ፊት፣ ጥቂት ወደ ኋላ እያለ አውታሩ ነካ ለቀቅ የሚያደርግበትን ቦታ ይፈልጋል። እንዚራው ቦታውን ሲስት ድምፁ ቀጭንና አጭር ይሆናል፤ ሲገጥም ግን ያ በሁዳዴ የምናውቀው ጥልቅ ንዝረት ይወጣል። ጊታር ላይ ጥፋት የሚባለውም ይኸው ነው፦ የሚርገበገብ ክር ሌላ አካል ሲነካ። ልዩነቱ የበገናውን ሰው ፈልጎ ማድረጉ ነው። ለእኔ ከእንዚራ የረቀቀ የድምፅ ጥበብ የለም።

ከገዳሪፍ ወደ ሰሜን፣ በከሰላና በቀይ ባሕር ዳርቻ ደግሞ የቤጃ ሕዝብ ባሰንኮብ አለው። አምስት ክር ያለው መሣሪያ ነው፤ ክራርን የሚያውቅ ሰው ዝምድናውን ወዲያው ያያል። የሱዳንም የኢትዮጵያም ቅኝት በአምስት ድምፅ የቆመ ስለሆነ ሱዳኖች የጥላሁን ገሠሠንና የመሐሙድ አህመድን ዘፈን ቋንቋውን ሳያውቁ ይወዱታል።

ኤሌክትሪክ ጊታር በዚህ ሁሉ ላይ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሻርሃቢል አሕመድ በኦምዱርማን ጊታርና ሳክስፎን ይዞ የሱዳን ጃዝ የሚባለውን ሲመሠርት ባለቤቱ ዘኪያ አቡልቃሲም አብራው ጊታር ትጫወት ነበር፤ የሱዳን የመጀመሪያዋ ሴት ጊታሪስት የምትባለው እርሷ ናት። በአዲስ አበባም በኋላ የአይቤክስና የሮሃ ባንዱ ሰላም ሥዩም የክራርን አመታት ወደ ጊታር አሻገረ። ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን የፖርት ሱዳኑ ሙዚቀኛ ኑሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ከቁራሌ ዕቃ መሃል ያገኘውን የጊታር አንገት አባቱ ከሰጡት ታምቡር ከሚባል ባለ ክር መሣሪያ ጋር አጋጥሞ ታምቦ-ጊታር የሚለውን መሣሪያ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከዶርፓ ባንድ ጋር ያወጣው አልበም የቤጃን ዜማ ለዓለም አሰማ። ያን የሠራ ሰው ክሩ የት እንደሚነካና የት እንደማይነካ በጆሮው መለየት ነበረበት።

እኔም የምሠራው በጆሮ ነው። መጀመሪያ አምፕሊፋየሩን እከፍታለሁ። ዝዝ የሚለው በስፒከሩ ካልወጣ ብዙ ጊዜ ጊታሩን እንዳለ እመልሰዋለሁ። ከወጣ ቦታውን እፈልጋለሁ። ክሩ ሳይያዝ ብቻ ዝዝ ካለ፣ ከላይ ክሩ የሚያልፍበት ቦይ ተበልቷል ማለት ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ አንድ ፍሬት ከጎረቤቶቹ ከፍ ብሏል፤ አጭር ቀጥ ያለ ብረት ሦስት ፍሬቶች ላይ ሲጋደም ከተወዛወዘ መሃለኛው ነው። ከአንገቱ ጫፍ በኩል ባሉት የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ሁሉ ላይ ከሆነ ግን ጥፋቱ የአየሩ ነው። ድርቁ እንጨቱን ሲያኮማትረው አንገቱ ወደ ኋላ ይጎብጥና ክሮቹ ፍሬቱ ላይ ይተኛሉ። ክሩን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ መሃሉን እዩ፤ ስስ ካርድ የሚያስገባ ክፍተት ከሌለ አንገቱ ውስጥ የተቀበረውን ብረት ሩብ ዙር ማላላት ነው። ከዚያ አንድ ሌሊት ይደር። እንጨት አይቸኩልም፤ ክረምት ሲገባ እርጥበት ጠጥቶ ራሱ ይመለሳል። በሚያዝያ የተሞረደ ፍሬት ግን ሐምሌ ላይ አይመለስም። እንዲህ የተበላሸ ጊታር ስንት ጊዜ እጄ ላይ ገብቶ አንጀቴ አርሯል።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ብዙ ሰው በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግሯል፤ ሙዚቀኞችም አሉበት። ከቆላ ወደ ጎንደር ደጋ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ የወጣ ጊታር አንገቱ በአዲሱ አየር ይለወጣል፤ ክሩም ሌላ ቦታ ላይ ዝዝ ይላል። በጎንደርና በባሕር ዳር ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እነዚህን ጊታሮች ስትቀበሉ ጥቂት ቀን አየሩን ይልመዱ፤ ቀጥሎ የአንገቱን ብረት ሞክሩ፤ ሞረዱን የመጨረሻ አድርጉት።